የተሸነፈ ይከፍላል

ጆተኒ የገፋ፣ ከረንቡላ የመታ ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀምጦ ያረፈደ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ሕጉን ማንም አልጻፈውም፤ ግድግዳ ላይም አልተለጠፈም። ባለቤቱ ሒሳብ ሲጠይቅ ግን ሁሉም ወደ ተሸናፊው ይዞራል። ተሸናፊውም እያጉረመረመ እጁን ኪሱ ይከታል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ማጉረምረም ነው። ጌም የሚጫወት ሰው ለምን ይናደዳል? ንዴቱስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው? በየወጣት ጉባኤው ስለ ጌም የሚሰብኩ ብዙዎች ይህን ጥያቄ አይጠይቁም። “ጌም ጊዜ ይበላል፤ ጌም ቁጡ ያደርጋል፤ ተዉት!” ብለው ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋሉ። እኔ ግን ንዴቱ ሁለት ዓይነት ነው እላለሁ። አንዱ ከጨዋታ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር እስከተጫወተ ድረስ አይቀርም። ሌላው ታስቦበት የተሠራ፣ በገንዘብ የሚሸጥ ንዴት ነው። የመድረኩ ውግዘት ሁሉ ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ሁለተኛው ግን ማንም ሳያስቆመው በየልጁ ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የተጫዋቹን እሮሮ በሐቅ እንስማ። ጆይስቲኩ ከማርጀቱ የተነሳ ማንም ሳይነካው አጥቂህ ወደ ጎን ይነዳል። 2 ለ 0 እየመራህ መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ጨዋታው ከዜሮ ይጀመራል፤ ሲመራ የነበረውና ሲመራበት የነበረውም ስለ ውጤቱ አይስማሙም። ባላጋራህ አንድ ጎል አግብቶ ኳሷን ከኋላ ተከላካዮቹ ጋር እያንሸራሸረ ሰዓት ይገድላል። በኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ አሁን የጫንከው ቁልፍ ቆይቶ ይደርሳል፤ ግብ ጠባቂህ ኳሷ መረብ ከነካች በኋላ ይወድቃል። ኔትዎርክ ከተቋረጠ ሽንፈቱ በስምህ ይመዘገባል። ይህን ሁሉ ያላየ ሰው “ለጌም ብለህ ትናደዳለህ?” ይላል። ያየ ሰው ግን ንዴቱ ከንቱ እንዳልሆነ ያውቃል። የደከምክበት ነገር ያለ ጥፋትህ ሲበላሽ መናደድ የሰው ነው።

ነገር ግን አስተውሉ። መብራቱ የጠፋው አንተን ገንዘብ ለማስከፈል አይደለም። ጆይስቲኩ የላላው ከአንተ በፊት መቶ ልጅ ስለጨበጠው ነው። እነዚህ ነገሮች ያናድዳሉ እንጂ አያጠምዱም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከቤት ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ሲሠራ ሥራውን የያዘው መሥሪያ ቤት በምህጻረ ቃል “ኢንቺስ” ይባል ነበር፤ “ካሳ” ደግሞ በጣልያንኛ ቤት ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው ሁለቱን አገጣጥሞ ካዛንቺስ አለው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከቂርቆስ ሰፈር ጠባብ መተላለፊያዎች እስከ ካዛንቺስ መናኸሪያ ድረስ፣ የቀበሌ ቤቶች የፊት ክፍሎች ሌላ ሥራ አገኙ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ጌም ቤት ሆነ።

ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀርቦ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው። በሌላ አገር እያንዳንዱ ልጅ መኝታ ቤቱ ያስቀምጠው ይሆናል። እኛ ጋ ግን አንዱ ማሽን ለአንድ መንደር ልጅ ሁሉ ይበቃ ነበር። ብዙው ቤተሰብ መግዛት ስለማይችል ጌም የአደባባይ ነገር ሆነ። ከዚህ ችግር ውስጥ ማንም ያላቀደው ትምህርት ወጣ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ስትሸነፍ በሰው ፊት ነው። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ስድስት ልጆች ጎሉን አይተዋል፤ ስቀዋል። “ተነስ!” ይሉሃል፤ ትነሳለህ፤ ጆይስቲኩን ለባለተራው በእጅህ ታቀብላለህ። ያሸነፈህ ልጅ ነገ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊትህ የሚቆም፣ ቅዳሜ እናቱ እናትህን ቡና የምትጠራ ጎረቤትህ ነው። ልትሰድበው ትችላለህ፤ ግን ነገም ታገኘዋለህ። ጆይስቲክ የወረወረ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ደግሞ ደጃፉን አይረግጥም። ሽንፈቱም ልክ አለው፤ በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ ሒሳቡም የአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ከፍለህ ወጣህ ማለት ዕዳህ አለቀ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለአገሩ አዲስ አልነበረም። በገና ጨዋታ ጌታው ከሎሌው ጋር እኩል ሜዳ ይገባ ነበር፤ ቅልጥሙን ቢመታ እንኳ መቆጣት ነውር ነበር። አባቶች ይህን ያደረጉት ጨዋታ ሰውን ለአንድ ቀን እኩል እንደሚያደርግና ቁጣን መግታት እንደሚያለማምድ ስላወቁ ይመስለኛል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ራስ መግዛት ሲጽፍ ምሳሌ የወሰደው ከሯጭና ከቡጢኛ ነው። ስለዚህ ጨዋታ በራሱ የመንፈሳዊ ሕይወት ጠላት ነው የሚለውን ስብከት አልቀበልም።

ጌም ቤቶቹ ንጹሕ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ከትምህርት ቤት የሚፎርፍ ልጅ መደበቂያው እዚያ ነበር። በገንዘብ የሚወራረዱ ነበሩ። አፍ የሚያበላሽ ስድብ ነበር። ሴት ልጅ ገብታ እንድትጫወት የሚመች ቦታም አልነበረም፤ ይህ ጥፋት በደንብ አልተነገረም። እናቶች ዱላ ይዘው በር ላይ የቆሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም እናት ዱላ ይዛ የምትቆምበት በር ነበረ፤ ልጁ የት እንዳለ ይታወቅ ነበር። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። የቀበሌ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። ብዙዎች ከዚያ በፊት የማያውቁት የራሳቸው መጸዳጃና ወጥ ቤት ያለው ቤት አግኝተዋል፤ መልካም ነው። ስለ ልማቱ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጉዳይ አግዳሚ ወንበሩ ነው። አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ የነበሩ ልጆች በተለያየ አቅጣጫ ተበተኑ፤ ጨዋታው ግን አልቆመም። ወደ ስልክ ገባ።

በስልኩ ውስጥ ያለው ሕግም ያው “የተሸነፈ ይከፍላል” ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ አንተ እንድትከፍል ሲባል ሽንፈቱ ራሱ ይደገስልሃል።

ቀላሉን እንይ። ካንዲ ክራሽ የማያውቅ ቤት የለም፤ ወላጆችም ይጫወቱታል። አምስት ልብ ይሰጥሃል። ስትሸነፍ አንዱ ይቀነሳል፤ አንዱን ልብ መልሶ ለማግኘት 30 ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ ወይም ትከፍላለህ። እዚህ ላይ የሚሸጠው ምንድን ነው? ጨዋታው አይደለም፤ ጨዋታው በነጻ ነው። የሚሸጠው ከመጠበቅ መገላገል ነው። መጠበቁን የፈጠረው ደግሞ ሻጩ ራሱ ነው። መንገድ ላይ ድንጋይ ደርድሮ “ላንሳልህ፤ ክፈል” የሚል ሰው ቢያጋጥመን ምን እንደምንለው እናውቃለን።

ወደ ኳስ እንሂድ። ኢኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 በፊፋ ጌሙ ላይ “አልቲሜት ቲም” የተባለ የጨዋታ ዓይነት ጨመረ። ቡድንህን የምትሠራው በካርድ ነው። ካርዶቹ ታሽገው ይሸጣሉ፤ ውስጡ ማን እንዳለ ሳታውቅ ትገዛለህ። ምርጥ የሚባሉት ካርዶች የመውጣት ዕድላቸው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን ኩባንያው ራሱ ይገልጻል። ታዲያ ደካማ ካርድ የደረሰው ልጅ ጠንካራ ካርድ ከደረሰው ጋር ይጋጠማል፤ ይሸነፋል፤ ሌላ እሽግ ይገዛል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት በስፖርት ጌሞቹ ውስጥ ካለው አልቲሜት ቲም ብቻ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። ጌሙን ከመሸጥ የተገኘው ገቢ በዚህ ውስጥ የለም። በዓመቱ አዲሱ ጌም ይወጣና ያ ሁሉ ካርድ በአሮጌው ውስጥ ይቀራል፤ አንተም ከባዶ ትጀምራለህ።

የባሰውን ልንገራችሁ። አክቲቪዥን የተባለው ሌላው ትልቅ የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ፓተንት በስሙ ተመዘገበለት። በዚያ ሰነድ የተገለጸው አሠራር እንዲህ ነው፤ ጀማሪውን ተጫዋች ውድ መሣሪያ ከገዛ ጎበዝ ጋር አገናኙት፤ ጀማሪው ያን መሣሪያ አይቶ ይመኛል፤ ሲገዛ ደግሞ መሣሪያው በደንብ የሚሠራበት ጨዋታ ውስጥ አስገቡት፤ በግዢው ደስ ይለዋል፤ ሌላም ይገዛል። ኩባንያው አሠራሩን በየትኛውም ጌሜ ላይ አላዋልኩም ብሏል። ይሁንና የተማሩ ሰዎች ቁጭ ብለው፣ የአንድን ልጅ ሽንፈት ወደ ግዢ የሚቀይር ዘዴ አስበው፣ ጽፈው፣ የእኛ ነው ብለው በመንግሥት መዝገብ አስመዝግበዋል። ተጫዋቾች “ጌሙ ሆን ብሎ አሸነፈኝ” ሲሉ እንስቃለን። እያንዳንዱ እሮሮ እውነት ነው አልልም፤ ብዙው የተሸናፊ ምክንያት ነው። ጥርጣሬው ግን ከባዶ ሜዳ አልመጣም።

“ይህ የሀብታም አገር ችግር ነው፤ የእኛ ልጅ የዶላር ካርድ የለውም” የሚል ይኖራል። የዶላር ካርድ አያስፈልገውም። በቴሌግራም የጌም ዳይመንድ በብር የሚሸጡ አሉ፤ ብሩ በሞባይል ይተላለፋል፤ ዳይመንዱ ይገባል። የካዛንቺስ ልጅ የሆነ፣ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ዳርቻ የተዛወረ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ በክፍሌ አለኝ። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት ሁለት ታክሲ ይይዛል። ሁለት እሑድ ቀረ። ጠያቂዎች “ቀዝቅዟል፤ እንጸልይለት” አሉ። አልቀዘቀዘም። እናቱ ለታክሲ የሰጠችውን ብር ሌሊት ላይ በተከታታይ ሲሸነፍ ለዳይመንድ ከፍሎት ነበር። መምጫ አጣ፤ ለእናቱም ለእኛም መናገር አፈረ። የሚያሳዝነው፣ የተሸነፈው በማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ፊት የሌለው ስም ነው ያሸነፈው። ሊጣላው አይችልም፤ ሊታረቀውም አይችልም። ንዴቱን ያወጣው በታናሽ እህቱ ላይ ነው።

በልባችሁ ያዙልኝ ያልኩት በር እዚህ ላይ ይመጣል። ይህ ልጅ የተሸነፈው ከእናቱ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ዱላ ይዛ የምትቆምበት በር አልነበራትም።

ታዲያ ለዚህ ልጅ “ጌም የሰይጣን ነው” የሚለው ስብከት ምን አደረገለት? አፉን ዘጋው። ሁሉም ጌም እኩል ኃጢአት ከሆነ፣ ከጓደኛው ጋር አንድ ጨዋታ መጫወቱና የታክሲውን ብር ማጥፋቱ በእርሱ ሚዛን አንድ ይሆናሉ። አንዱን ሲደብቅ ሌላውንም ይደብቃል። የተከበራችሁ ሽማግሌዎችና ሰባክያን፣ ጠላትን ስትጠቁሙ ነጥላችሁ ጠቁሙ። ከታክሲ ብሩ ጋር የሚመሳሰለው ነገር ጨዋታ አይደለም፤ ቁማር ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚህን የታሸጉ ካርዶች መርምሮ የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳሉ አለ፤ ኢኤም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዚያ አገር የጌሙን ገንዘብ መሸጥ አቆመ። ከመድረኮቻችን አንዱ እንኳ ስለ ሎተሪና ስለ ውርርድ ቤት ሲናገር፣ በልጁ ኪስ ስላለው የታሸገ ካርድ ቢናገር ምን ነበረበት?

“ሰዓቱን መገደብ ይበቃል” የሚሉም አሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በኢንተርኔት ጌም የሚጫወተው አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን፣ ያውም ለአንድ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደንግጋለች። ሰዓት መገደብ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የታክሲው ብር ለመጥፋት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ ሰዓት ቆጥሮ አይደለም፤ ሰውየው መቆጣጠር ማቃቱን፣ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ጌሙን ማስቀደሙን፣ እየጎዳውም መቀጠሉን ነው የሚጠይቀው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የቆየ ሲሆን። በዚህ መለኪያ ብዙ የሚጫወት ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ጥቂት የሚጫወትም ሁሉ ደኅና አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደምትጫወቱት ወንድሞችና እህቶች። “ጌም ብቻ ነው፤ ለምን ታካብዳለህ?” ትሉኛላችሁ። ጌም ብቻ ከሆነ ለምን ከፈላችሁ? “ገንዘቤ ነው” የሚል ካለ፣ ዋጋውን ሳያውቅ የሚገዛ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አንድ ሳምንት እንደማይቆይ ያስብ። የሚቀጥለውን ጌም ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የምጫወተው ከማን ጋር ነው? ሽንፈቴ መቼ ያበቃል? ስንት እንደምከፍልና ምን እንደማገኝ አስቀድሜ አውቃለሁ? ጓደኛህ አጠገብህ ተቀምጦ፣ ዘጠና ደቂቃው ሲሞላ የሚያልቅ፣ ሒሳቡም የታወቀ ከሆነ ተጫወት፤ ተናደድም፤ ንዴቱን ዋጥ አድርገህ “ጎበዝ ነህ” ማለትን ተማር። ሦስቱም መልስ ከሌላቸው ግን አንተ ተጫዋች አይደለህም፤ ገበያ ነህ።

ደግሞም ንዴታችሁ አቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኤ በአንድ የስታር ዋርስ ጌም ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጡ የታሸጉ ሳጥኖችን አስገብቶ ነበር። ተጫዋቾች በየአገሩ ተነሡበት፤ ጌሙ በይፋ ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት ኩባንያው በገንዘብ መግዛቱን አነሣው። ያን ያደረጉት ጌም የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም፤ የሚወዱት ናቸው።

ከመካከላችሁ ኮድ የምትጽፉም አላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት “ኩኩሉ” የተባለውን የስልክ ጌም ሠርቷል፤ እዚህ አገር ጌም መሥራት ይቻላል። ስትሠሩ ግን የባሕር ማዶውን የአሸናነፍ ስልት እንጂ የአከፋፈል ስልቱን አትቅዱ። ታናሽ እህታችሁን ሌሊት ለማስለቀስ ያልታሰበ ጌም መሥራትም አገልግሎት ነው።

ለአጥቢያ መሪዎች አንድ ልመና አለኝ። አግዳሚው ፈርሷል፤ መልሳችሁ አስቀምጡት። ቅዳሜ ከሰዓት መዘምራን ልምምድ ከጨረሱ በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ያገለገለ ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ ይበቃል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ባይኖርም ይሻላል። በሩ ክፍት ይሁን፤ እናቶች ይግቡ ይውጡ። ሴቶችም ተራ ይያዙ፤ በካዛንቺስ ያልነበራቸውን ቦታ እዚህ ያግኙ። ከዳርቻ ለሚመጡት የመመለሻ ታክሲ ይታሰብላቸው። ሕጉ ግን የድሮው ይሁን፤ የተሸነፈ ይነሣል፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ክፍያውም ለእሑድ ጠዋት ወንበር መደርደር ነው፤ በአንድ ሽንፈት አንድ ረድፍ።